ከተረኛ መዝገቡ የተቀደደው ወረቀት

ከሚሴ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን የጻፍኩልሽ ከሱብሒ ሶላት ተመልሼ፣ ገና ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልነጋገር ነው። እንዴት ነሽ? ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ስትሠሪ የሚይዝሽ ወገብሽስ ተሻለው? ምሳሽን በሰዓቱ ትበያለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። የጨፋ ሜዳ ማሽላ ዘንድሮ ራሱ ከብዶት አጎንብሷል፤ ሰዉ ሁሉ ከወፍ ጋር ሲጯጯህ ይውላል። የእናትሽን ቀብር ባለፈው ጁምዓ ዘይሬ ሣሩን አጸዳሁ። አንቺንም አንስቼ ዱዓ አደረግሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ የሚነገር ነገር ሌላ ጆሮ ሊኖረው ይችላል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ምክንያቱ እሱ አይደለም። ድምፅሽን ከሰማሁ አልናገረውም። አምስት ጊዜ ደውዬ አምስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበቴ አውርቼ ዘግቻለሁ። ስለዚህ በሹፌሩ በጀሚል ሚኒባስ እልከዋለሁ። ትናንት ከእጇ ሌላ ለማንም እንዳትሰጥ ብዬ ሦስቴ ስነግረው፣ ደብዳቤ ነው ወይስ ሙሽራ ነው የሚሰጡኝ ብሎ ሳቀብኝ። የስምንተኛ ክፍል ሰው የጻፈው ነውና ስሕተቱን እያለፍሽ አንብቢው።

ነገሩ የመዝገብ ሠራተኛችን የዘሊካ ነገር ነው። ባለፈው ወር በስልክ ሁለቴ ዘሊካ እንዴት ናት ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሁለቴም ደኅና ናት አልኩሽ። ዋሽቻለሁ። ዘሊካ ከሥራ ታግዳለች። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ የከብት አድላቢዎች ማኅበራችን ቦርድ ይሰበሰብና ጨርሶ ያሰናብታታል። እሷ የምትሰናበትበትን ጥፋት ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ብዙውን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ከቆምኩበት በኩል ግን አታውቂውም።

መስከረም ላይ ሥልጠናውን ልትሰጪ ስትመጪ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ልጅህ ምንድን ነው የምታስተምረው ይለኝ ነበር። ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ሰብሮ መግባት ነው ስላቸው ይስቃሉ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ሐጂ አብዶ ደግሞ፣ ታዲያ ሌብነት በሰርተፍኬት መጣ በለን አለኝ በሰው ፊት። እኔም አንቺ የነገርሽኝን ነገርኩት። ሌባው ከመምጣቱ በፊት እነሱ ሌባ ሆነው ይመጡና በሩ የት ላይ እንደላላ ለባለቤቱ ይናገራሉ አልኩት። ባለቤቱ ካልፈረመላቸው አይነኩም፤ ከሌባ የሚለያቸው ያቺ ፊርማ ናት አልኩት። አሰበና፣ ደግ ነው፣ እንግዲያው ለእኛም ይሞክሩልን አለ። በኋላ ፈቃዱን የፈረመልሽ ከዚያ ተነሥቶ ይመስለኛል። አንቺ ግን ለእኔ አልነገርሽኝም። ሠራተኛ ማወቅ የለበትምና ደንብሽን ጠብቀሻል። በዚህ አላዘንኩብሽም።

አንድ የማታውቂው ነገር አለ። ምሳ ላደርስልሽ ስመጣ ሰሃኑን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥቼ እሄድ ይመስልሽ ነበር። አልሄድም ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው መስኮት አጠገብ ቆሜ አይሽ ነበር። ዐሥራ ሁለቱ ልጆች ላፕቶፓቸው ላይ ተደፍተው፣ አንቺ ለልምምድ ብለሽ የሠራሽላቸውን የውሸት ባንክ ሲሰብሩ አይቻለሁ። ጨፋ ባንክ ብለሽ ስም አውጥተሽለት ነበር። መጀመሪያ የገባው ልጅ ሲጮህ፣ አትጩህ፣ የገባ ሰው አይጮህም ስትዪው ሰምቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ያ መሣሪያ የምትዪውን፣ ሦስት ወር ሙሉ ራስሽ የጻፍሽውን ፕሮግራም፣ በግድግዳው ላይ እያሳየሽ ስታስረጂ አንዱም አልገባኝም። ግን ድምፅሽ እናትሽ ቁርኣን ስታስቀራሽ የነበራት ድምፅ ነበር። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ሳትሰለቺ። ደግሞ አንድ ቀን፣ ማሽኑ እምቢ ካላችሁ ማሽኑ ጋ የተቀመጠውን ሰው ፈልጉ፣ ሰው የሚወደው ነገር አለው ስትዪ ሰማሁ። ይህቺን ያዝኳት።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት፣ የሰንበቴ ገበያ ማግስት፣ ግቢያችን የመኖ ወረቀት ሊወስዱ በመጡ ገበሬዎች ተሞልቶ፣ እኔ በሩን እየጠበቅሁ ሳለ ተማሪሽ ኑርሁሴን ቢጫ ቆብ አድርጎ መጣ። የመብራት ኃይል ሰው ነኝ፣ ቆጣሪ ላነብ ነው አለኝ። በመስኮት አንድ ሳምንት ሙሉ ያየሁትን ልጅ እንዴት አላውቀው? ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ቆጣሪያችን እኮ በካርድ ነው የሚሞላው፣ ምኑን ነው የምታነበው አልኩት። ገበሬዎቹ ሳቁበት። አንዱ፣ ተወው እባክዎ፣ ማንበብ ሊለማመድ ይሆናል አለ። ጆሮው ቀልቶ ሄደ። ከሰዓት በፊት ደግሞ ሌላው ፋይል ይዞ ከዞን ነው የመጣሁ አለ። ዞን በእግሩ መጣ እንዴ፣ መኪናው የት አለ አልኩት። እሱም ተመለሰ። በአጠቃላይ አራቱን መለስኩ።

ልጄ፣ ያን ቀን እንዴት ደስ ብሎኝ እንደዋልኩ። አባቷ የሚጠብቀው በር እንደማይደፈር ልጄ ታያለች እያልኩ ነበር። ለራሴ ነበር የጠበቅሁት፤ ለማኅበሩ አልነበረም። አሁን ሳስበው ጥፋቱ ከዚያው ይጀምራል።

ቤት ስመጣ ከመግሪብ በኋላ በረንዳው ላይ በስልክ ታወሪ ነበር። እኔ ከውስጥ ነበርኩ፤ መጋረጃው ብቻ ነው የለየን። ከላኩሽ ሰዎች ጋር ነበርሽ። መሣሪያው የሚያንኳኳው በር የለም፣ ቢሮው የኢንተርኔት ጥቅሉ ካለቀበት ዐሥር ቀኑ ነው፣ የሚያድስ ጠፍቶ አልሽ። ሰዎቹም ሳቁ መሰለኝ፣ አንቺም ትንሽ ሳቅሽ። ቀጥለሽ፣ ልጆቹን በአካል ብልካቸው ደግሞ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ አለ አልሽ። አንድ ሽማግሌ። አባቴ ነው አላልሽም። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ዝምድና ሥራውን እንዳይነካው ነው። ከዚያ በኋላ አዳመጥሽና፣ ገባኝ፣ ነገ ካልገባን ቀጣዮቹን ሥልጠናዎች ለሌላ ሰው ትሰጣላችሁ፣ ገባኝ አልሽ። እራት ሦስት ጉርሻ በልተሽ ጠግቤአለሁ አልሽኝ። ምነው ስልሽ፣ ምንም አይደል አባ፣ ደክሞኝ ነው አልሽ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። እናትሽ የታመመች ጊዜ ከሐኪም ቤት ስትመለስ የነበራት ፊት ነው።

አሁን የዘሊካን አማና፣ አደራዋን ልንገርሽ።

እናቷ አልጋ ላይ ከዋለች አራት ዓመቷ ነው። በየቀኑ በዙሁር ሰዓት፣ እኩለ ቀን ላይ ዘሊካ ቤቷ ሄዳ በእጇ ታጎርሳትና ትመለሳለች። ማሽኑ ደግሞ ሳይነካ ከቆየ ራሱን ይቆልፋል። ከጨፋ በእግሩ የመጣ ገበሬ አንዲት ወረቀት ለማስወጣት አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ እንዳይጠብቅ ብላ፣ ወረቀቱን እንዴት እንደማወጣ አስተማረችኝና የምትከፍትበትን ቃል ነገረችኝ። ነገሩን እንዲህ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ ይቺን አማና ብያለሁ፣ እርስዎ ጋ ትቀመጥ አለች። አራት ዓመት ልቤ ውስጥ ተቀምጣለች። አልጻፍኳትም፣ ለራሴም ጮክ ብዬ ብያት አላውቅም። እዚህም አልጽፋትም፤ አንዴ ብጽፋት የሆነውን አይተሻል።

ማክሰኞ ዘሊካ የክፍሏን ቁልፍ ሰጥታኝ ወደ እናቷ ሄደች። ገበሬ ከመጣ ይሥሩለት፣ ቶሎ እመለሳለሁ አለችኝ። ከግቢው እንደወጣች የተረኛ መዝገቡን ገለጥኩ፤ ገቢና ወጪ የምመዘግብበትን። ከኋላ በኩል ግማሽ ገጽ ቀድጄ ቃሏን ጻፍኩና ከማሽኑ ቁልፎች ሰሌዳ ሥር አደረግሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። አልተንቀጠቀጠም። ምሳ ሳደርስልሽ እንደነበረው ቀጥ ያለ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሳሚያ መጣች። ያቺ በግራ እጇ የምትጽፈው ተማሪሽ። ከባቲ ወደ አዲስ አበባ እየሄድን መኪናችን ተበላሸ፣ ዙሁር እንዳያልፈኝ የምሰግድበት ጥግ ይፈልጉልኝ አባቴ አለችኝ። ልጄ፣ እኛ አገር መስገጃ የጠየቀን ሰው መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ይህን ስለምታውቂ ነው እሷን በዚያ ሰዓት የላክሻት። ባላውቃትም አስገባት ነበር፤ ያ ወንጀል አይሆንብኝም ነበር። ግን ዐውቃታለሁ። ዐውቄ የውዱእ ውሃ ሰጠኋት፤ ዐውቄ የዘሊካን ክፍል ከፈትኩላት።

ጉድ ልንገርሽ። በበሩ ክፍተት አየኋት፣ መጀመሪያ እውነቷን ሰገደች። ሳትቸኩል አራቱንም ረከዓ። መንገደኛ ብትሆን ኖሮ አሳጥራ ሁለት ነበር የምትሰግደው። ሌላ ቀን ቢሆን በዚያ ብቻ እይዛት ነበር። ለሌላ ጊዜ ንገሪያት።

ስትወጣ፣ አላህ ይቀበልሽ አልኳት። እርስዎንም አለችኝ፣ ዐይኔን ሳታይ። እኔ ገብቼ ወረቀቱን ከተደበቀበት አወጣሁና በኪሴ ከተትኩት። ዘሊካ ስትመለስ ማሽኑ እንደተወችው ነበር። እናቴ ዛሬ ጥሩ በላች ብላ ደስ ብሏት ነበር።

ሐሙስ ዕለት የሥልጠናው መዝጊያ ላይ የሆነውን አብረን አይተናል። አንቺ መድረክ ላይ ነበርሽ፤ እኔ ከአባቶች ጋር ከፊት ተቀምጬ። የገባችሁበትን ለማሳየት የአባላቱን የከብት መዝገብ አንድ ገጽ ግድግዳው ላይ አወጣችሁት። ስሞቹን ሁሉ በጥቁር ሸፍነሽ ነበር፤ እኔ እመሰክርልሻለሁ። የከብቱ ቁጥር ግን ቀርቶ ነበር። አዲስ አበባ ኖረሽ ረስተሽው ነው እንጂ እዚህ የሰው ከብት ዓይን እንዳይበላው በአደባባይ አይቆጠርም። ከሚሴ ውስጥ ያን ያህል በሬ የሚያደልበው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ከኋላ አንዱ፣ ማሻአላህ በሉ እንጂ አለ። አዳራሹ ሳቀ። የሐጂ አብዶ ፊት ሲጠቁር ከጎኑ ሆኜ አየሁት። በሳምንቱ አንድ በሬ ሲሞትበትማ ነገሩ ሁሉ ከረረ።

ያን ቀን ውሃውን ያዞረችልን ዘሊካ ነበረች። ልጅዎ ኮራንባት አለችኝ ብርጭቆውን ስትሰጠኝ። ጠጣሁት።

በሪፖርትሽ ማንም ሰው በዚህ እንዳይቀጣ፣ ሠራተኛው እንዲሠለጥን ብለሽ መጻፍሽን ዐውቃለሁ። ስምም አልጻፍሽም። ግን የይለፍ ቃሉ ተጽፎ በመዝገብ ክፍሉ ቁልፍ ሰሌዳ ሥር ተገኘ ይላል፤ በመዝገብ ክፍሉ ያለችው አንድ ሰው ናት። በሬው በሞተ በቀጣዩ ሰኞ ሐጂ አብዶ ኮሚቴ አስቀምጦ ጠራት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ ድምፅ ይሰማኛል። ሪፖርቱ ላይ ያለውን የወረቀቱን ፎቶ አሳይተው ይህ ያንቺ ነው ወይ አሏት። ፎቶውን አቅርባ አየችው። ከዚያ፣ ቃሉ የእኔ ነው አለች። ሌላ አልተናገረችም። የእግድ ደብዳቤዋን ይዛ ስትወጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

ለምን ዝም አልክ በዪኝ። ራሴን ስመረምር ብዙ ምክንያት አገኛለሁ፣ አንዱም አያምርም። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል አልኩ። የልጄ ስም ይበላሻል አልኩ። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌና ባል የሌላት ሴት፣ እሷ ቃሏን በጆሮው እየነገረችው፣ ሰው ምን ይላል አልኩ። ከሁሉም የከፋው ግን ይህ ነው፤ የሥልጠናው ኃላፊ አድርገው ሾሙኝ ብለሽ የደወልሽ ቀን ሱጁድ ወረድኩ። አላህን አመሰገንኩት። በምን እንዳመሰገንኩት ሳውቅ ከመስገጃው መነሣት አቃተኝ። በዚያው ደመወዝሽ የላክሽልኝ ጫማ እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። ልኩ ነው ወይ ስትዪኝ ልኩ ነው ብዬሽ ነበር። እሱንም አልለካሁትም።

የአንቺ ልጆች ሲመጡ በቦርሳቸው የተፈረመ ፈቃድ ነበራቸው። ኑርሁሴንም፣ ሳሚያም። ያን ቀን በዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ፈቃድ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሩ ላይ የነበረው።

ዘሊካ አሁን ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጥላ ዘርግታ ማመልከቻ ትጽፋለች። ጽሕፈቷ ስለሚያምር ሰው አላጣችም። በየቀኑ በዚያ ነው የማልፈው። መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ቀይሬ በባጃጅ እዞር ነበር፤ በኋላ ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ ማታለሉም ሰለቸኝ። የዛሬ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሄጄ ከደንበኞቿ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

አካም ጂርታ ብላ በኦሮምኛ ጤናዬን ጠየቀች። ነጋ ነው፣ ሰላም ነው አልኳት። ማመልከቻ ጻፊልኝ አልኩ። ለማን አለች። ለማኅበሩ ቦርድ። ወረቀት አወጣች፣ ቀኑን ጻፈች። ጉዳዩስ? እኔ አመልካች ብዬ ጀመርኩ፣ እኔ አመልካች በዕለተ ማክሰኞ መስከረም 27 ቀን ብዬ አቆምኩ። ብዕሯን አስቀመጠች።

በኦሮምኛ ዲሲ፣ ይተዉት አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የበሩን መዝገብ ሳነብ ኖሬ የእርስዎን ጽሕፈት ሳላውቀው ቀርቼ ነው? ፎቶውን ገና ሲያሳዩኝ ዐወቅሁት አለች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታዲያ ለምን አልተናገርሽም አልኳት።

ስንት ሳምንት እንደሚፈጅብዎ እየቆጠርኩ ነበር አለች። ዛሬ አራት ሞላ። ባለፈው ሳምንት በባጃጅ ሲዞሩ አይቼ፣ እኚህ ሰው በባጃጅ ብዛት ሊደኸዩ ነው፣ ቶሎ ቢናገሩ ይሻላቸዋል አልኩ። ሳቀች፤ ግን የሳቀ ሰው ፊት አልነበራትም። ከዚያ፣ እኔ ብናገር ጥፋቷን በሽማግሌ ላከከች ይሉኛል፣ እርስዎም አልጻፍኩም ቢሉ ያ ይብስብኛል፣ እሱን ነው የፈራሁት አለችኝ። ልጄ፣ እኔ እክድ ይሆናል ብላ ነው አራት ሳምንት ዝም ያለችው። ያን ያህል ነው ያወረድኳት፤ ያን ያህል ነው ከዐይኗ የወረድኩት።

አሁን ጻፊልኝ አልኳት። እምቢ አለች። እኔ ከጻፍኩት የእኔ ጽሕፈት ነው፤ በገዛ እጅዎ ይጻፉት፣ ያን ጊዜ ከፎቶው ጋር ጎን ለጎን ያዩታል አለች። ባዶውን ወረቀት ከነቀኑ ሰጠችኝ። ዋጋ ልከፍላት ብል፣ ቀን ብቻ ጽፌ አላስከፍልም አለች።

ስነሣ ከቦርሳዋ የሪፖርቱን ቅጂ አወጣች። ከእግድ ደብዳቤው ጋር ሰጥተዋት ኖሯል። እኔ እስከዚያ ቀን ፎቶውን አይቼው አላውቅም፤ ላየው አልፈለግሁም። ገጹን ገልጣ ጭኔ ላይ አደረገችልኝና ጣቷን በፎቶው ቀኝ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ባለጉዳይ መጥቶባት ወደ እሱ ዞረች።

የጠርዙ ነገር የገባኝ ቤት ገብቼ ነው። ወረቀቱ ራሱ እኔ ጋ ነው ያለው፤ ያን ዕለት ከኪሴ አውጥቼ በእናትሽ ሙስሐፍ፣ በቁርኣኗ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ለምን እዚያ እንዳስቀመጥኩት አትጠይቂኝ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ንጹሕ ቦታ አልታየኝም። አወጣሁት። ስቸኩል ልብ ያላልኩት፣ በቀኝ በኩል የመዝገቡ ዓምድ አለ። የተረኛ ጥበቃ ፊርማ የሚል በማተሚያ የተጻፈ፣ ከሥሩም አስቀድሜ የፈረምኩት የእኔ ፊርማ፤ ያቺ ሕፃን ሳለሽ ዶሮ ትመስላለች ብለሽ የምትስቂባት ፊርማ። ሳሚያ ወረቀቱን ነው ያነሣችው፣ ሙሉውን ነው የምታነሣው። ሪፖርቱ ላይ ያለው ፎቶ ግን ዓምዱ ጋ ሲደርስ ተቆርጧል። በቀጭኑ፣ በጥንቃቄ፣ ፊደል ሳይነካ።

ልጄ፣ አንብቢልኝ፣ ስለዚህ ነገር የምጽፍልሽ ይህን ብቻ ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ቦርዱ ፊት እቀርባለሁ። ማመልከቻዬን በገዛ እጄ ጽፌ ጨርሻለሁ። ወረቀቱን ከነጠርዙ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣለሁ። ይህ ፎቶ ለምን ጎደለ ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ፣ አላውቅም እላለሁ። እውነት እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው ያልጠየቅሁሽ። አንቺም አትንገሪኝ። ለአላህ ንገሪው፤ እሱ ከሁለታችንም የቀረበ ነው። ለሚወዱት ሰው ሲሉ እጅ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚሠራ እኔ ከማንም በላይ ዐውቃለሁ።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሪፖርቱ ይታረም። ቃሉን ጽፎ ያስቀመጠው ጥበቃው ነው፣ የመዝገብ ሠራተኛዋ አይደለችም የሚል በማኅተም ይምጣ፤ በስልክ ሳይሆን በወረቀት፣ ለዘሊካም አንድ ቅጂ። ሹመትሽ ይነካ ይሆናል። ፈተናው እንዳልተሳካም ይቆጠር ይሆናል፤ እኔ ካልረዳኋችሁ አልገባችሁም ነበርና። ግን ዘሊካ እናቷን የምታጎርሰው በዚያ ሥራ ነው።

ለተማሪዎችሽም አንድ ነገር ጨምሪላቸው፣ ካልከበደሽ። ሰው የሚወደው ነገር አለው ብለሻቸዋል፣ ልክ ነሽ። የበሩ ጠባቂ የሚወደው ሰው አጥቂዎቹ መካከል ከሆነ ግን ያ በር በር አይደለም። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው በያቸው፤ ስሜን አትደብቂ።

ከሥራ ቢያሰናብቱኝ አትጨነቂ። ማሽላው ወፍ ጠባቂ ይፈልጋል፤ በመጠበቅ ልምድ አለኝ። ደግሞ ቅዳሜ ከጧቱ ያንን ጫማ ከካርቶኑ አወጣዋለሁ። ልኬ መሆን አለመሆኑን ያኔ እነግርሻለሁ፤ እውነቱን።

አላህ ከሰው ዓይንም ከራስሽ እጅም ይጠብቅሽ። የምትገቢበት በር ሁሉ በፈቃድ የሚከፈት ያድርግልሽ። ወገብሽን ያሽርልሽ፣ ምሳሽን በሰዓቱ ብዪ። እናትሽን በዱዓ አትርሺያት፣ እኔንም አብረሽ አንሺኝ፤ ዘንድሮ ከእሷ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእኔ ነው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዐይኔ፣ አሚን በዪ።

በሩ ላይ ያለው ሽማግሌ፣
አባትሽ